ተሳላሚና ጎብኚ

ቋንቋችን አንዳንዴ ከተናጋሪዎቹ ይበልጥ ያስተውላል። ወደ ተከበረ ስፍራ ለሚሄድ ሰው ሁለት ስም አዘጋጅቶ ጠብቆናል። አንዱ «ተሳላሚ» ነው፤ ሁለተኛው «ጎብኚ»። ተሳላሚ ለሰላምታ ነው የሚሄደው። ደጁን ይሳለማል፣ ስእለቱን ያደርሳል፣ ጫማ ይወለቃል ከተባለ ያወልቃል፤ የስፍራውን ሕግ ጠይቆ ይገባል። ጎብኚ ግን የሹም ቃል ነው። ሚኒስትር ፋብሪካ ይጎበኛል፣ ባለርስት እርሻውን ይጎበኛል፣ ኢንስፔክተር ትምህርት ቤት ይጎበኛል። «የታመመስ ይጎበኝ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ እዚያም ቢሆን ግን በእግሩ የሚሄደው ጎብኚው ነው፣ አልጋ ላይ የቀረው ተጎብኚው።

ይሄን የማነሳው ሰዋስው ላስተምር ብዬ አይደለም፤ የጠመኔውን ሥራ ከተውኩት ቆየሁ። ያነሳሁት በደቡብ ቆላ፣ በሞያሌ መንገድ ስላሉት ውኃዎች የሚጻፈውን ሳነብና የፊልሙን ትረካ ስሰማ፣ ሁሉም በጎብኚው ዓይን ብቻ የታየ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ውኃ ብርቅ በሆነበት አገር ስለ ውኃ የሚጻፍ ነገር ደግሞ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። አንድ አካባቢ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ውሎ አድሮ እንዴት እንደሚተዳደር ይወስናል።

መንገዱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሐዋሳን፣ ዲላን፣ የቀድሞዋን ሀገረ ማርያም የአሁኗን ቡሌ ሆራን፣ ያቤሎን አልፎ ሞያሌ ድንበር ላይ ያደርሳል። የኬንያው ወገን ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ አስፋልት ከሆነ ወዲህ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር ኬላ ተመርቆ ከተከፈተ በኋላ፣ ናይሮቢ ድረስ የሚዘልቅ ሰው በርክቷል። ከያቤሎ ወደ ሞያሌ ሲወረድ፣ በዱብሉቅና በመጋ አካባቢ፣ ጎብኚ የማያልፋቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ኤል ሶድ ነው፤ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ጥቁር የጨው ሐይቅ። ሁለተኛው የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች ናቸው፤ ባለቤቶቹ «ቱላ» ይሏቸዋል። ስመ ጥሮቹ «ቱላ ሰልገን»፣ ዘጠኙ ቱላዎች ይባላሉ።

እስኪ ስለነዚህ የሚጻፈውን ቃል በቃል እንመርምር። የመጀመሪያው ተወዳጅ ቃል «ምሥጢራዊ» ነው። ምሥጢራዊው ሐይቅ፣ ምሥጢራዊው ጉድጓድ። ምሥጢር ማለት የሚያውቀው የደበቀው ነገር ነበር፤ እዚህ ግን የሚያውቀውን ሰው ጸሐፊው ስላልጠየቀው ምሥጢር ሆኖ የቀረ ነው። ሁለተኛው «ያልተነካ» ነው። በጠረጴዛ ቁመት ሳይሆን በብዙ ሰው ቁመት በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ከብት የሚወርድበት ሰፊ መንገድ መሬት ተሸንቁሮ የተሠራለት ጉድጓድ፣ እንዴት ያለ አነጋገር ቢሆን ነው «ያልተነካ» የሚባለው? ሦስተኛው ደግሞ «ጊዜ የቆመበት» የሚለው ነው። ለእኔ ከሁሉም የባሰው እሱ ነው፤ ምክንያቱን ወደኋላ እመለስበታለሁ።

ይህ አጻጻፍ አባት አለው። አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1894 ከበርበራ ተነስቶ፣ የባሌውን ሼህ ሁሴንን አይቶ፣ በቦረና ምድር አቋርጦ በማግሥቱ ዓመት ቱርካና ሐይቅ ደረሰ። በ1897 ያሳተመው መጽሐፍ ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ባልታወቁ የአፍሪካ አገሮች መካከል» የሚል ነው። ኧረ ለመሆኑ ለማን ነው ያልታወቁት? ሼህ ሁሴን በዚያን ጊዜ ተሳላሚ ከየአቅጣጫው ሲጎርፍበት ብዙ መቶ ዓመት አስቆጥሯል። የቦረናም ጉድጓድ ባለቤቱ፣ ጎሣው፣ ተረኛው የታወቀ ነበር። ያልታወቀው ለደራሲውና ለአንባቢዎቹ ነው። እሱስ ይሁን፤ ከሩቅ የመጣ ነው። የእኛዎቹ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቆይተው ያንኑ ርእስ በአማርኛ መድገማቸው ግን ያስተዛዝባል።

የኛ የጉዞ ጽሑፍ እኮ ሌላ አባትም ነበረው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓን ሄደው በ1924 ዓ.ም. «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ሲያሳትሙ፣ ከርእሱ ጀምሮ የሄዱበትን አገር የብርሃን ማደሪያ አድርገው ነው የተነሱት። ማጋነን አለበት ብትሉ አልከራከርም። ቢያንስ ግን የሄደው ሰው ከተሄደበት አገር የሚማረው ነገር አለ ብሎ የሚነሳ አጻጻፍ ነው። እኛ ይሄን አክብሮት ለቶኪዮ ሰጥተን ለዱብሉቅ የነፈግነው ለምን ይሆን?

አሁን ወደ ጉድጓዱ እንውረድ። ቱላ ሰላሳ ሜትር ያህል ሊጠልቅ ይችላል። ከውኃው አፍ እስከ ላይ ወጣቶች በእርከን በእርከን ይቆማሉ። ታች ያለው ቀድቶ ለበላዩ ያቀብላል፣ እሱም ለበላዩ፤ ባዶው መቅጃ በዚያው መስመር ይመለሳል። ውኃው ላይ ካለው ማጠራቀሚያ ይገለበጥና በጭቃ ወደተሠራው የከብት ገንዳ ይለቀቃል። ሁሉም ይዘፍናሉ፤ ለከብቶቻቸው ነው የሚዘፍኑት። ጎብኚው ይሄን ሰምቶ «የሚዘፍኑ ጉድጓዶች» ብሎ ስም አወጣላቸው። ጉድጓዱ አይዘፍንም፤ ሰው ነው የሚዘፍነው። ዜማው ደግሞ ለጆሮ ማጣፈጫ ብቻ አይደለም። መቅጃው ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድበትን ልክ የሚጠብቀው እሱ ነው። ደቦ የወጣ፣ አውድማ ላይ የዋለ የሰሜን ገበሬ ይሄን ለመረዳት አስጎብኚ አያስፈልገውም።

ከዘፈኑ በስተጀርባ ያለው ደግሞ ሕጉ ነው። ጉድጓዱን ያስቆፈረው «አባ ኮንፊ» ነው፤ በተቆፈረበት ጎሣም ይጠራል። የዕለቱን ተራ የሚያስከብረው «አባ ሄሬጋ» ይባላል። የማን መንጋ ዛሬ፣ የማን ነገ፣ የማን ከነገ ወዲያ እንደሚጠጣ የሚወሰነው በሸንጎ ነው። ጥገናውም፣ ጠረጋውም፣ አጥሩም እንደዚሁ። ውኃው አይሸጥም። ለሰው ጉሮሮ የሚፈለግ ውኃ አይከለከልም። ጠብ ያለበት ሰው ጠቡን ሳይጨርስ በሰላም አይቀዳም፤ በቦረና አስተሳሰብ ውኃና ሰላም አይነጣጠሉምና። ምርቃቱም፣ ጸሎቱም ከዚህ ጋር የተሸመነ ነው። አሁን እንግዲህ «ጊዜ የቆመበት» ወደሚለው ልመለስ። ይሄ ጉድጓድ ከጊዜ ሌላ ሕግ የለውም! ተራ ማለት ጊዜ ነው፤ ሄሬጋ ማለት የጊዜ ቁጥር ነው። ዳኛውም የቀን ቆጠራ ዳኛ ነው። ጊዜ የቆመው ጉድጓዱ ዘንድ ሳይሆን ሃያ ደቂቃ ቆሞ ፎቶ አንስቶ በሄደው ሰው ካሜራ ውስጥ ነው።

ኤል ሶድም ያው ነው። ሰዎች ገደሉን በእግር ወርደው፣ ጆሮና አፍንጫቸውን ወትፈው፣ ራቁታቸውን እዚያ ቆዳ የሚልጥ ውኃ ውስጥ ገብተው ጥቁሩን ጨው ከሥሩ ያወጣሉ። አህያ ተጭኖ ዳገቱን ይወጣል። ጨው ለከብት ነው፤ ለገበያም ነው። ካሜራው ግን የሚወደው ራቁትነቱን ነው። ጨውን ማን እንደሚገዛው፣ በስንት እንደሚገዛው፣ ዓይኑ የተጎዳው ሰው የት እንደሚታከም የሚጠይቅ ትረካ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ይሄ በሽታ የኛ ብቻ አይደለም። የሞያሌ ግመል ነጋዴ ድንገት ቢደርስባት ባዕድ የማትሆንበት አንዲት ከተማ ሕንድ ውስጥ አለች። ስሟ ፑሽካር ነው፤ በራጃስታን፣ በበረሃው ዳር። በሂንዱዎች እምነት ብራህማ የተባለው አምላክ ከእጁ የሎተስ አበባ ጥሎ፣ አበባው ከወደቀበት ውኃ ፈለቀ፤ ያ ውኃ የዛሬው ቅዱስ ሐይቅ ነው። በዙሪያው 52 የመታጠቢያ ደረጃዎች አሉት። በኅዳር አካባቢ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ምእመናኑ ይታጠቡበታል፤ በዚያው ሰሞን ታላቁ የግመል ገበያ ይቆማል። ሥጋ፣ እንቁላልና መጠጥ በከተማይቱ ክልክል ነው። ደረጃው ላይ ጫማ ይወለቃል። የሚታጠብ ሰው ፎቶ አይነሳም። ከኮረብታው ማዶ ደግሞ አጅመር አለች፤ የሙስሊሞቹ ታላቅ ሱፊ የሞይኑዲን ቺሽቲ መካነ መቃብር ያለባት። ሙስሊሙም ሂንዱውም ይሳለመዋል።

ሂንዱዎች እንዲህ ያለውን ቅዱስ ስፍራ «ቲርታ» ይሉታል። ትርጉሙን ሳውቅ ደስ አለኝ፤ መሻገሪያ፣ ወንዝ ተረግጦ የሚታለፍበት ቦታ ማለት ነው። በኛው ቃል «መልካ» ልንለው እንችላለን፤ ኦሮምኛው ለአማርኛው ያዋሰው ቃል። ኦሮሞ ክረምቱ ሲወጣ ምስጋናውን የሚያደርሰው በመልካ ነው፤ «ኢሬቻ መልካ» ይባላል። በበጋ በተራራ ላይ የሚደረገው «ኢሬቻ ቱሉ» ነው። ሁለት ሕዝቦች፣ ውቅያኖስ በመካከላቸው እያለ፣ ወደ ፈጣሪ የሚቀረብበትን ስፍራ ወንዝ በሚሻገሩበት ስም ጠርተውታል። ወንዝ በፈለጉበት አይሻገሩትም። ቦታ አለው፣ ወቅት አለው፣ አሻጋሪ አለው። ቅድስና በሁለቱም ዘንድ ከስሜት በፊት ሥርዓት ነው።

ታዲያ ፑሽካርን የጎበኘው ሰው ምን ይጽፋል? አብዛኛው የሚጽፈው ካህን መሳይ ሰው አበባ እጁ ላይ አስቀምጦ፣ ቀይ ክር አንጓው ላይ አስሮ፣ ብዙ ሩፒ እንደጠየቀው ነው። ማጭበርበሩ አለ፤ አልሸፋፍነውም። ቅዱስ ስፍራ ባለበት ሁሉ ነጣቂ አይጠፋም፤ የኛንም ደጆች የምናውቅ እናውቀዋለን። ግን ልብ በሉ፤ ተሳላሚውም ይከፍላል። የሚከፍለው ለምን እንደሆነ ስለሚያውቅ አይጮህም። ጎብኚው የሚጮኸው ትርኢቱ በነፃ ነው ብሎ ስለገባ ነው። በዚህ ጩኸት መካከል ትልቁ ወሬ ያመልጠዋል።

ትልቁ ወሬ እ.ኤ.አ. በ2009 የሐይቁ መድረቅ ነበር። ደለሉን ለመጥረግ ውኃው ዝቅ እንዲል ተደረገ፤ ከዚያ ዝናቡ ቀረ። ዙሪያው ያሉት ኮረብቶች ዛፋቸውን አጥተው አፈሩ ሲታጠብ ኖሯል፤ ከከርሰ ምድሩም ሲሳብ ኖሯል። ሚሊዮኖች የሚሰግዱለት ሐይቅ ወለሉ ታየ፤ ተሳላሚዎቹ በደረጃው አጠገብ በተሠሩ ትንንሽ ገንዳዎች ለመታጠብ ተገደዱ። ሰው ውኃውን ማምለኩን አላቋረጠም። ያቋረጠው ውኃው የሚመጣበትን ኮረብታ መጠበቁን ነው። የግመል ገበያውም ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄዷል፤ ጎብኚና ካሜራ ሲበዛ ግመል አነሰ። ቅድስናውንና ትርኢቱን ይዘው ሥርዓቱን ሲጥሉት የሚሆነው ይሄ ነው። የኛዋ ሐረማያም ቅዱስ ተብላ ባትጠራም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ከተማ ሲጠጣት፣ ጫት ሲጠጣት ኖራ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ደረቀች፤ ኋላ ውኃ ቢመለስባትም የቀድሞዋን አልሆነችም።

አገራችን ውስጥ ፑሽካርን የምትመስለው ቢሾፍቱ ናት። ሐይቅ የከበባት ከተማ፣ በሐይቆቿም መካከል የተከበረው ሆራ አርሰዲ። ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሑድ እጅግ ብዙ ሕዝብ እርጥብ ሣርና የአደይ አበባ ይዞ ይወርዳል፤ አባ ገዳዎች ይመርቃሉ፤ ሣሩ ከውኃው ተነክሮ ይረጫል። በቀሩት ቀናት ደግሞ ከተማዋ የቅዳሜና እሑድ መዝናኛ ናት። የሐይቆቹ ዳር አብዛኛው ታጥሮ የሆቴል ግቢ ሆኗል፤ «ሐይቁን ማየት» ራሱ የምሳ ዋጋ ውስጥ ገብቷል። ሰው ሥራ አገኘ፤ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሆቴል የለም ይፍረስ የሚል የለም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የሁሉም የነበረ ውኃ ዳሩ ሁሉ አጥር ሲሆን ተራውን የሚያስከብረው ማን ነው? አባ ሄሬጋው የታለ?

በዚያው በሆራ አርሰዲ መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. የሆነውን ደግሞ የጉዞ ጽሑፎቹ አያነሱትም። በዓሉ ላይ ተቃውሞ ተነሳ፤ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፤ ሕዝቡ እርስ በርሱ ተረጋግጦ ገደል ገባ። መንግሥት ከ50 በላይ ሰው መሞቱን አመነ፤ ሌሎች ከዚያ እጅግ የበዛ ነው አሉ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ዩኔስኮ የገዳን ሥርዓት በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረው። ሁለቱ ዜናዎች በሁለት ወር ልዩነት ነው የደረሱን። በዓሉን ለዓለም የምናስመዘግብ፣ የበዓሉን ዋና ሕግ ግን፣ ውኃ ዘንድ በሰላም ይመጣል የሚለውን ሕግ፣ ማስከበር ያቃተን ሰዎች መሆናችንን ያኔ ማየት ነበረብን።

የሼህ ሁሴንን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ባሌ ቆላ ውስጥ ያለው ይህ መካነ መቃብር የፑሽካርንም የአጅመርንም ጠባይ አጣምሮ የያዘ ነው። ተጓዦቹ ጫፉ ሹካ የመሰለ በትር ይዘው፣ ለሼሁ የሚዜመውን «ባህሮ» እያዜሙ፣ ብዙዎቹ በእግር ለሳምንታት ይጓዛሉ። በመንገድ ያለው ሰው ያበላቸዋል፣ ያጠጣቸዋል፤ ያ በትር የያዘውን ሰው እንግዳ ማድረግ ግዴታ ነው ብሎ ስለሚያምን። ከቦረና ወገንም፣ ከኬንያው ሰሜንም የሚሄድ አለ። እንግዲህ ይታያችሁ፤ ዶናልድሰን ስሚዝ «ያልታወቀ» ባለው ምድር ላይ ያለ ካርታ፣ ያለ ድንኳን፣ በእንግድነት ሕግ ብቻ የሚያስኬድ መንገድ ተዘርግቶ ነበር። ይሄን ያህል ነው በተሳላሚና በጎብኚ መካከል ያለው ልዩነት። ለአንዱ አገሩ ቤት ነው፤ ለሌላው በረሃ ነው።

የጥንቱን ሁሉ ላሞግስ አልተነሳሁም፤ ያም ሌላ ዓይነት ጉብኝት ነው። የኤላው ሥርዓት ብዙ ጉልበት ይበላል፤ የሚያቀብል ወጣት ትምህርት ቤት ገብቷል፣ ከተማ ገብቷል፣ ይግባም። ሞተር የሚስበው ጉድጓድ ብዙ እናቶችን ከሸክም አሳርፏል። ግን ሞተሩ ሲተከል ተራውን የሚያስከብር ሰው አብሮ ካልተተከለ መንጋው ሁሉ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ይሰፍርና ሣሩ ያልቃል፤ ነዳጅ ሲጠፋም ውኃው ያልቃል። ድሮ ኤላው የከብቱንም፣ የሣሩንም፣ የሰውንም እንቅስቃሴ ልክ ይሰጥ ነበር። ይሄን ልክ ያልጻፈ ጸሐፊ፣ ልኩን ሳያውቅ ሞተር ለሚተክለው መሐንዲስ ምን አቀበለው? ዘፈን ብቻ።

ይሄ ነገር ስለ ቃላት መረጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈ። የቦረና ከብት አለቀ። መንጋ የነበራቸው ሰዎች ሸራ ወጥረው የእርዳታ እህል ጠበቁ፤ አንዱ መጠለያ የነበረው ዱብሉቅ ነው፣ የዘፋኞቹ ጉድጓዶች አገር። ያኔ ካሜራዎቹ ተመልሰው መጡ። በፊት «ጊዜ የቆመበት» ያሉት ሁሉ አሁን «ድርቅ የመታው» አሉት። በሁለቱም ጊዜ የተነሳው ሥዕል አንድ ነው፤ ስም የሌለው ሰው፣ ከበስተኋላው ምድር። ቀድሞም ባለሕግ፣ ባለሸንጎ፣ ባለተራ ሆኖ አልተጻፈም፤ ስለዚህ ችግር ሲመጣ የሚጠየቅ ሰው ሳይሆን የሚረዳ ሰው ብቻ ሆኖ ታየ። ውኃ በቦቴ ሲታደል ወረፋውን እንዴት እናድርገው ብሎ ከአባ ሄሬጋ በላይ የሚጠየቅ ባለሙያ ከየት ይገኛል? ቢጫ ጀሪካን ደርድሮ የሚጠብቀው የሞያሌ ነዋሪም ቢሆን ይሄን ጥያቄ በየቀኑ ይኖረዋል።

እንግዲህ ጎብኚ አይምጣ አልልም። ይምጣ፤ ምሳውን ይብላ፣ አልጋ ይያዝ፣ ለአስጎብኚው ልጅ ይክፈል። ጸሐፊ ነኝ የሚለው ግን ከጎብኚ ትንሽ ከፍ ይበል። ወደ ዱብሉቅ የሚወርድ ሰው «ምሥጢራዊ» የሚለውን ቃል መኪናው ውስጥ ትቶት ይውረድ። ካሜራውን ከማውጣቱ በፊትም «ዛሬ ተራው የማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። የሚመልስለት ሰው እዚያው ከገንዳው ዳር ቆሞ ያገኘዋል፤ ሰፊ ጨዋታም ያውቃል።